ወንበር መባል ነውር ነውን? ስለ ዘመናችን የመብራት፣ የሸክላና የቤት ዕቃ ቅርጾች የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በዘመናችን ከሚሠሩት የቤት ዕቃዎች አንዳንዶቹ ከቤት ይልቅ በሙዚየም የሚኖሩ ሆነዋል። ወንበሩ የዱር አራዊት ቀንድ ያበቀለ ይመስላል፤ ማሰሮው አንገቱን ቀና ያደረገ ሰው ይመስላል፤ መብራቱ በጨለማ ውስጥ የተንጠለጠለ ጨረቃ ይመስላል። ተመልካች በነዚህ ዕቃዎች ፊት ቆሞ ሲደነቅ ቶሎ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ይህስ ወንበር አይደለም፤ ሐውልት ነው» የሚል ነው። ሐያስያን ይህን ቃል በመጽሔት ይጽፉታል፤ እኛም ተማሪዎች ሥዕሉን በገለጥን ቁጥር እንደግመዋለን። ቃሉ የሚነገረው ለምስጋና ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ምስጋናው የተሳሳተ መሆኑን፣ ከመሳሳቱም በላይ አንድ የቆየ ንቀት የተሸሸገበት መሆኑን ለማሳየት ነው።

«ሐውልት ነው እንጂ ወንበር አይደለም» የሚል ሰው ወንበርነት ዝቅተኛ ነገር መሆኑን አስቀድሞ ፈርዷል ማለት ነው። በሱ አስተያየት ዕቃው የሚከበረው ከወገኖቹ ሲለይ ብቻ ነው። ይህም አንድን ሰው «አንተስ የባለ እጅ ልጅ አትመስልም» ብሎ እንደ ማመስገን ይቆጠራል፤ ሰውየው ሲመሰገን አባቱ ይሰደባል። እኔ የምለው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ከነዚህ ሥራዎች ውስጥ የተሻሉት ያማሩት ከአገልግሎት ስለ ራቁ አይደለም፤ ቅርጻቸው ከአገልግሎት ስለ ተወለደ ነው።

ፍርዱ በስሜት ብቻ እንዳይሆን አንድ መለኪያ አቀርባለሁ። አንድን ዕቃ ስናይ፣ አገልግሎቱን በሐሳብ ብንወስድበት ከቅርጹ ውስጥ ምክንያት የሚያጣው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ እንጠይቅ። ብዙው ክፍል ምክንያት የሚያጣ ከሆነ ቅርጹ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው። ምንም የማይጎድለው ከሆነ ግን ቅርጹ በዕቃው ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው። ለምሳሌ ጀበናን እንውሰድ። ሆዱ ክብ የሆነው እሳቱ ከሥር እንዲያቅፈው ነው፤ አንገቱ የጠበበው አተላው ከቡናው ጋር እንዳይወርድ ነው፤ ጆሮው ከሆዱ ራቅ ያለው የምትቀዳው ሰው እጇ እንዳይቃጠል ነው። ቡናውን በሐሳብ ብንወስድበት ከጀበና ቅርጽ ምክንያቱ የሚታወቅ ነገር አይቀርም። ይሁን እንጂ ጀበናን የሚያስቀይም ቅርጽ ያለው ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

በዚህ መለኪያ ሦስት ሰዎችን እመረምራለሁ፤ አንዱ መብራት፣ አንዷ ሸክላ፣ አንዱ የቤት ዕቃ የሠሩ ናቸው። በጽሑፉ ያሉት ዘመናት የኢትዮጵያ ተብለው ካልተገለጹ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. መብራት

ከመብራት የምጀምረው ጥያቄው በግልጽ የተነሣው በመብራት ስለ ሆነ ነው። ኢሳሙ ኖጉቺ በ1904 በሎስ አንጀለስ ከተማ ከጃፓናዊ ባለቅኔ አባትና ከአሜሪካዊት እናት ተወለዱ። በ1927 በፓሪስ ለታወቁት ቀራጺ ለኮንስታንቲን ብራንኩሲ ረዳት ሆነው ሠሩ። እንግዲህ ሰውየው በሙያቸው ድንጋይና እንጨት የሚጠርቡ ቀራጺ እንጂ ፋኖስ ሠሪ አልነበሩም። በ1951 በጃፓን አገር ወደ ሂሮሺማ ሲጓዙ ጊፉ በምትባል ከተማ አረፉ። ጊፉ ከጥንት ጀምሮ የወረቀት ፋኖስ የሚሠራባት ከተማ ናት። በናጋራ ወንዝም ላይ ሌሊት በታንኳ እሳት አንድደው በሠለጠኑ ወፎች አሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ይኖሩባታል። የከተማዋ ከንቲባ እየተዳከመ የሄደውን የፋኖስ ሙያ እንዲያነቃቁላቸው እንግዳውን ቀራጺ ለመኗቸው። ኖጉቺም የመጀመሪያዎቹን መብራቶች ነድፈው ስማቸውን «አካሪ» አሏቸው፤ በጃፓን ቋንቋ ብርሃን ማለት ነው። ከዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1988 ድረስ፣ ከ100 በላይ የሚሆን ዓይነት ነደፉ። መብራቶቹ ዛሬም በዚያችው ከተማ በእጅ ይሠራሉ።

አሠራሩን ማወቅ ለፍርዳችን ይጠቅማል። መጀመሪያ ከእንጨት ሰሌዳዎች የተገጣጠመ ቅርጽ ማውጫ ይቆማል። በዙሪያው ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር እንደ ጥምጥም ከላይ እስከ ታች ይዞርበታል። በቀርከሃው ላይ ኮዞ ከሚባል ዛፍ ልጥ የተሠራ ወረቀት በሙጫ ይለጠፋል። ሙጫው ሲደርቅ ሰሌዳዎቹ አንድ በአንድ ፈርሰው በቀዳዳው ይወጣሉ፤ የሚቀረው ቀርከሃና ወረቀት ብቻ ነው። ይህም ተጫጭኖ ስለሚታጠፍ በጠፍጣፋ ሳጥን ይላካል፤ የገዛውም ሰው በቤቱ ዘርግቶ ይሰቅለዋል።

እንግዲህ መለኪያችንን እናቅርብ። ወረቀቱ የተመረጠው የአምፑሉን ስለታም ብርሃን አለዝቦ ለማሳለፍ ነው። ቀርከሃው የሚጠመጠመው ወረቀቱን ለመሸከምና ሲያስፈልግ ለመታጠፍ ነው። የሆዱ ስፋት ወረቀቱ ከሚሞቀው አምፑል እንዲርቅ ያደርገዋል። ብርሃኑን ብናጠፋ መብራቱ የሚቀረው እንደ ባዶ ከረጢት ነው፤ ብርሃኑን ብንመልስለት ክፍሉን ሁሉ ይለውጣል። ከዚህ ዕቃ ላይ ጌጥ ነው ብሎ የሚነቅል ሰው የሚነቅለው አያገኝም። እንደ ሐውልት የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1986 ኖጉቺ አሜሪካን ወክለው በቬኒስ ቢየናሌ ሥራቸውን አቀረቡ። የትርኢቱ ርእስ ራሱ «ቅርጻ ቅርጽ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ከቀረቡትም መካከል እነዚሁ የወረቀት መብራቶች ነበሩ፤ ከነሱም ጋር ስላይድ ማንትራ የተባለ፣ ከነጭ እብነ በረድ የተጠረበ፣ ሰው በውስጡ ወጥቶ በውጭ በኩል የሚንሸራተትበት ትልቅ ሥራ ነበረ። ብዙ ሰው ይህን ትርኢት «መብራት ወደ ሐውልት ማዕርግ ከፍ ያለበት ቀን» አድርጎ ይተረጕመዋል። እኔ ግን ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን መቅረባቸው ሌላ ነገር የሚያስተምር ይመስለኛል። ኖጉቺ እብነ በረድን፣ ማለት ነገሥታት የሚታሰቡበትን ድንጋይ፣ ሰው ልብሱን ሰብስቦ የሚንሸራተትበት አድርገውታል። ይህ መብራትን ከፍ ማድረግ አይደለም፤ ከፍና ዝቅ የሚለውን መሰላል ራሱን ማንሣት ነው። «ሐውልት ነው እንጂ መብራት አይደለም» የሚለው ምስጋና ለኚህ ሰው ሲነገር፣ ሕይወታቸውን ሙሉ ሲያፈርሱት የኖሩትን ግንብ መልሶ እንደ መገንባት ነው።

ጉድለት የለበትም ለማለት አይደለም። ወረቀት ነውና ይቀደዳል፤ አቧራ ይይዛል፤ ከጊዜ ብዛት ይወይባል። በየአገሩ ገበያ በርካሽ የሚሸጠው በሽቦ የተወጠረ ክብ የወረቀት ፋኖስም አካሪን ይመስላል፤ ያልለመደ ዐይን ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። ነገር ግን መወየብና መቀደድ የሚደርስበት በቤት የሚያገለግል ዕቃ ስለ ሆነ ነው፤ ይህ ከሐውልት ጋር ሳይሆን ከነጠላና ከመሶብ ጋር ያዛምደዋል።

ለ. ሸክላ

የሸክላው ነገር ያቀረብኩትን መለኪያ የሚፈትን ነው። ስለዚህ ሳልሸሽ ልመርምረው።

ማግደሊን ኦዱንዶ በ1950 በናይሮቢ ተወለዱ፤ በ1971 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። በመጀመሪያ የተማሩት ለማስታወቂያ የሚሆን የሥዕል ሙያ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ሸክላ ተሳቡ። በ1974 ወደ ናይጄሪያ ተጉዘው፣ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው ባቋቋሙት በአቡጃ የሸክላ ማሠልጠኛ ከአገሩ ሴቶች፣ በተለይም ከታወቁት ከላዲ ክዋሊ፣ በእጅ የመሥራትን ሙያ ተማሩ። (ያ አቡጃ ዛሬ ሱሌጃ የሚባለው ከተማ ነው እንጂ የአሁኑ ዋና ከተማ አይደለም።) በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮም የሳን ኢልዴፎንሶ ሕዝብ የሚሠራውን ጥቁር ሸክላ አይተዋል። በ1982 ከለንደን ሮያል ኮሌጅ ኦቭ አርት ተመረቁ። በ2020 የብሪታንያ መንግሥት ዴም የሚባለውን ማዕርግ ሰጣቸው።

የኦዱንዶ አሠራር ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። መዘውር አይጠቀሙም፤ ጭቃውን በእጅ እየጠቀለሉና እየጎተቱ ያሳድጉታል። የደረቀውን ገላ በተጣራ የጭቃ ውሃ ቀብተው እስኪያበራ ድረስ ያሹታል፤ መስታወት የሚመስል ቅብ የለውም። አየር በሚገባበት እሳት ሲቃጠል ሸክላው ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል፤ አየር በተነፈገ ጭስ በበዛበት እሳት እንደ ገና ሲቃጠል ጥቁር ይሆናል። በአገራችንም ሸክላ ሠሪ ሴቶች ያለ መዘውር በእጃቸው ያቆማሉ፤ በለስላሳ ድንጋይ ያሻሉ፤ ጀበናውንም በጭስ ያጠቁራሉ። በሙያው መሠረት በኩል የሚለያዩት በጥቂት ነው።

የሚለያዩበት ዋና ነገር ከኦዱንዶ ሸክላ ውሃ የሚቀዳ አለመኖሩ ነው። ሆዱ የሰፋ፣ አንገቱ የረዘመ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው፤ ነገር ግን በሙዚየም መስታወት ውስጥ ባዶውን ይቆማል። እንግዲህ አገልግሎቱ አስቀድሞ ተወስዷል። በኔ መለኪያ ቢመዘን ቅርጹ ሁሉ ምክንያት አጥቶ መውደቅ ነበረበት፤ ግን አይወድቅም። ታዲያ መለኪያው ተሰበረን?

እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። በእንስራ ፊት የቆመ ሰው እንስራ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በገመድ ታስሮ በጀርባ ሲወጣ፣ ውሃው በውስጡ ሲናወጥ፣ ሴቲቱ ወደ ፊት ጎንበስ ስትል አይቷል፤ ወይም ከእናቱ ሰምቷል። የኦዱንዶ ሸክላ ያዘነበለው ከንፈር «ሊፈስ ነው» የሚል ስሜት የሚያሳድርብን፣ የሰፋው ሆድ ክብደት ያለው የሚመስለን ከዚህ እውቀት የተነሣ ነው። ባዶነቱ የሚሰማን ሞልቶ ስለምናውቀው ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ ከሸክላው ላይ አልጠፋም፤ ከእጅ ወደ ትዝታ ተዛውሯል። ትዝታውንም ብንወስድበት፣ ማለት እንስራም ሆነ ማሰሮ አይቶ የማያውቅ ሰው ቢያየው፣ የሚቀረው መልካም ጠመዝማዛ መስመር ብቻ ነው። መለኪያው አልተሰበረም፤ እርግጥ ነው፣ እኔ መጀመሪያ ካሰብኩት ይልቅ ሰፋ ብሎ መያዝ ይገባዋል።

ከዚህ ግን አንድ ከባድ ነገር ይከተላል። የትርኢት አዳራሹ ሸክላ የሚኖረው ከገበያው ሸክላ በተበደረው እስትንፋስ ነው። በየመንደሩ እንስራና ገንቦ የሚሠሩ ሴቶች ሙያቸውን ቢተዉና የፕላስቲክ ጀሪካን ብቻ ቢቀር፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ የኦዱንዶን ሥራ የሚያነብ ዐይን ይጠፋል። እንግዲያው «ሐውልት ነው እንጂ ማሰሮ አይደለም» የሚለው ሐያሲ ሥራው የቆመበትን መሬት ከሥሩ እየቆፈረ ነው።

ኦዱንዶ ራሳቸው ከማን እንደ ተማሩ መታወቁም ደግ ነው። መምህራቸው ላዲ ክዋሊ ስም የሌላቸው «የመንደር ሴት» ሆነው አልቀሩም፤ ሸክላ ሲሠሩ የሚያሳየው ሥዕላቸው በናይጄሪያ የ20 ናይራ ገንዘብ ላይ ታትሟል። የሳን ኢልዴፎንሶዋ ማሪያ ማርቲኔዝም ስማቸውን ከሸክላቸው ሥር ይጽፉ ነበር። አንድ አገር ሸክላ ሠሪን በገንዘቡ ላይ ማተሙን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በመጨረሻው ክፍል እመለስበታለሁ።

ሐ. የቤት ዕቃ

ሦስተኛው ሰው ለኛ ቅርብ ናቸው። አቶ ጆሞ ታሪኩ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በኬንያ ተወልደው በአዲስ አበባ አደጉ፤ በአሜሪካ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪ ንድፍ ተማሩ፤ ኑሯቸውም ሥራቸውም በዚያው አገር ነው። የሚነድፉት ወንበርና በርጩማ ሲሆን፣ መነሻቸውን ከአፍሪካ የቤት ዕቃና ከአፍሪካ ተፈጥሮ ያደርጋሉ። በታወቁት የቤት ዕቃ ድርጅቶች ስብስብ ውስጥ የጥቁር ንድፍ አውጪዎች ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ ቈጥረው ያሳዩም እሳቸው ናቸው። ከ2021 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በተከፈተው የአፍሪካውያንን የወደፊት ሕልም በሚያሳይ ክፍል ውስጥም ሥራቸው ገብቷል።

የአማርኛ ተናጋሪን ቶሎ የሚነካው የሥራዎቹ ስም ነው። አንዱ በርጩማ «ሙቀጫ» ይባላል፤ አንዱ ወንበር «ሚዶ»፣ ሌላው «መቋሚያ» ይባላል፤ ሌላውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ በሚገኘው በደጋ አጋዘን ስም «ኒያላ» ተብሏል። ሙቀጫ፣ ሚዶና መቋሚያ ሦስቱም በየቤታችንና በየቤተ ክርስቲያናችን የሚያገለግሉ ዕቃዎች ናቸው። እንግዲህ የዚህ ሰው ሥራ በመሠረቱ ከአንድ አገልግሎት ወደ ሌላ አገልግሎት የሚደረግ ጉዞ ነው፤ የሚወቅጠው ይቀመጡበታል፤ የሚያበጥረው ይደገፉታል። ሂሱም በየጉዞው ላይ መሆን አለበት፤ የትኛው በደኅና ደርሷል? የትኛውስ በመንገድ ቀርቷል?

ሙቀጫው በደኅና የደረሰ ይመስለኛል። ሙቀጫ ከላይ በዘነዘና የሚወርድበትን ዱላ ችሎ እንዳይናወጥ ሆኖ የሚሠራ ዕቃ ነው። በርጩማም ከላይ የሚመጣበትን የሰው ክብደት ችሎ እንዳይናወጥ ሆኖ መሠራት አለበት። ሁለቱም ከላይ የሚጫነውን ወደ መሬት የሚያወርዱ ናቸው። ስለዚህ የሙቀጫ ቅርጽ ወደ መቀመጫነት ሲመጣ ምክንያቱን ይዞ ይመጣል፤ የተለወጠው የሚጫነው ነገር ብቻ ነው።

ሚዶው ከዚህ ያንሳል። የሚዶ ጥርስ ረዝሞ የተከፋፈለው በጠጉር መካከል እንዲያልፍ ነው። በወንበር ጀርባ ላይ ሲቆም ግን በመካከሉ የሚያልፍ ነገር የለም። ወንበሩን ቀለል ያደርገዋል፤ ለተቀመጠውም አየር ያስገባለታል፤ ይህ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ይህን ጥቅም ማንኛውም ባለ ዘንግ መደገፊያ ይሰጣል። እዚህ ላይ የመጣው የሚዶው መልክ እንጂ የሚዶው ምክንያት አይደለም። መልኩም ቢሆን ትርጉም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሚዶ ለጥቁር ሕዝብ በጠጉሩ የመኩራት ምልክት ሆኗልና። ምልክት ግን የሚነበብ ነገር ነው፤ ወንበር ደግሞ በመጀመሪያ በጀርባ የሚዳሰስ ነገር ነው።

ስለ መቋሚያው ሐሳቤ ሁለት ወገን ነው። መቋሚያ ሰው በረጅም ቅዳሴና በማሕሌት ቆሞ ሲደክም ብብቱን ወይም አገጩን የሚያሳርፍበት ነው። ስሙም እንደሚያስረዳው የሚያገለግለው ለመቆም ነው፤ ወንበር የሌለበት ቤት የፈጠረው ዕቃ ነው። ይህን ወስዶ ወንበር ማድረግ በአንድ በኩል ብልህነት ነው፤ ሁለቱም የደከመ ገላ የሚያርፍባቸው ስለ ሆኑ የውስጥ ዝምድና አላቸው። በሌላ በኩል ግን መቋሚያ በድካም ላይ የሚገኝ ትዕግሥት ነው፤ ካህናቱም በዜማው ልክ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት የማሕሌቱ አካል ይሆናል። ወንበሩ የራሱን ቅርጽ ሊወስድ ይችላል፤ እንቅስቃሴውንና ጾሙን ግን ሊወስድ አይችልም። ወንበሩን ለሚገዛው የውጭ አገር ሰው ስሙ የሚያምር ድምፅ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህን አደጋ ንድፍ አውጪው ብቻቸውን ሊከላከሉት አይችሉም፤ ቃሉን የምናውቅ እኛ ነን መጻፍ ያለብን።

ስለ ኒያላው በአጭሩ እላለሁ። ከደጋ አጋዘን ቀንድ የተነሣ መስመር ጀርባንና ክንድን አቅፎ የሚይዝ ከሆነ ቀንዱ ሥራ አግኝቷል፤ ለማስደነቅ ብቻ የወጣ ከሆነ ግን በአዳኝ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቀንድ አይለይም። ይህን በእርግጥ ሊፈርድ የሚችለው የተቀመጠበት ሰው ነው። ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ይታያል። እኛ እነዚህን ወንበሮች የምናያቸው በሥዕል ነው፤ ሙዚየም ሄዶ ያያቸውም ሰው አይቀመጥባቸውም፤ ሰሌዳው ይከለክላልና። ወንበርን ሳይቀመጡ መፍረድ ወጥን ሳይቀምሱ በመዓዛው እንደ መፍረድ ነው። በዚህ ምክንያት ሙዚየሙ ሳያስበው ዕቃውን ወደ ሐውልትነት ይገፋዋል፤ የምንፈርድበትን ጀርባና ወገብ ነፍጎ ዐይናችንን ብቻ ይተውልናል። «ሐውልት ነው» የሚለውም ምስጋና ከዚሁ የተወለደ ነው፤ የምንናገረው የዕቃውን ጠባይ ሳይሆን እኛ የቆምንበትን ስፍራ ነው።

መ. የጉዳዩ ክብደት ለኛ

እስካሁን ያልኩት የሩቅ አገር የሥነ ጥበብ ክርክር ብቻ እንዳይመስል ወደ ቤታችን እመለሳለሁ።

ባደግሁበት ቤት አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበረች። ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የወጣች፣ በጅማ በኩል እንደሚሠሩት ያለች ናት። አያቴ ቡና ሲያፈሉ ይቀመጡባት ስለ ነበር መካከሏ በመቀመጥ ብዛት ተወልውሎ ያበራ ነበር። እግሯ ሦስት የሆነው በዘፈቀደ አይደለም፤ አራት እግር ያለው ዕቃ ጎርበጥባጣ በሆነ የአፈር መሬት ላይ ይወላገዳል፤ ሦስት እግር ያለው ግን በየትም መሬት አይወላገድም። እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ በርጩማዋ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ሳሎን የሚቀረው በፋብሪካ የተሠራው ሶፋ ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ ጓደኞቼ እንዳያይዋት በእግሬ ገፍቼ ከመጋረጃ ኋላ እሸሽጋት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የሷን የመሰለች በርጩማ በአንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ፣ በነጭ መደብ ላይ ቆማ፣ መብራት በርቶላት አየሁ። ያን ዕለት ኮራሁ። ኩራቴ ግን ወዲያው አሳፈረኝ፤ በርጩማዋ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ሌሎች እንደሚያከብሯት ማወቄ ብቻ ነበር። ማን እንደ ሠራትም በቤታችን ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህ የኔ ቤት ጠባይ ብቻ አይደለም። በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ለብዙ ዘመን በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ቡዳ እየተባሉም ከጋብቻና ከማዕድ ተለይተዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን በአደባባይ ሊከለክል ይችል ይሆናል፤ ሰው ዕቃውን ሲያይ የሚያስበውን ግን ሊለውጥ አልቻለም። ጀበናው በየቀኑ በእጃችን ነው፤ የሠራችው ሴት ግን ስም የላትም። ናይጄሪያ ሸክላ ሠሪዋን በገንዘቧ ላይ ያተመችበትን ነገር ከዚህ ጋር አነጻጽሩት።

የተማረውም ወገን ከዚህ በደል ነጻ አይደለም። በባሕል ዕቃ ሙዚየሞች ልማድ ከአንድ በርጩማ ሥር በሚለጠፈው ወረቀት ላይ የሕዝቡ ስም፣ የአገሩ ስምና የእንጨቱ ዓይነት ይጻፋል፤ የጠራቢው ስም አይጻፍም። በሥነ ጥበብ ሙዚየም ግን ከዚያው በርጩማ ተነሥቶ ከተነደፈው ወንበር ሥር የንድፍ አውጪው ስም ከሁሉ በፊት ይጻፋል። የሁለቱ ልዩነት የሥራው ጥራት አይደለም፤ አንደኛውን «ሕዝብ» ሠራው ብለን፣ ሁለተኛውን «ሰው» ሠራው ብለን ማመናችን ነው። እንግዲህ «ሐውልት ነው እንጂ ወንበር አይደለም» የሚለው ቃል የሚለየው ዕቃን ከዕቃ ብቻ አይደለም፤ ስም የሚገባውን ሰው ስም ከማይገባው ሰው ይለያል። ክርክሩን ያነሣሁት ስለዚህ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከተው የኖጉቺ መብራት ሙሉ በሙሉ ከአገልግሎቱ የተወለደ ነው። የኦዱንዶ ሸክላ አገልግሎቱን ወደ ትዝታ አዛውሮ ይኖራል፤ ትዝታውም በሕይወት ባሉ ሸክላ ሠሪዎች ላይ የቆመ ነው። የአቶ ጆሞ ታሪኩ ወንበሮች እንደ ሙቀጫው የዕቃውን ምክንያት ይዘው ሲመጡ ይበረታሉ፤ እንደ ሚዶው መልኩን ብቻ ሲያመጡ ይደክማሉ። ከሦስቱም የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ቅርጹ ባማረበት ስፍራ ሁሉ ሥሩ ሲቆፈር የሚገኘው የሰው ገላና የሰው ሥራ ነው።

ለጓደኞቼ ተማሪዎች የማሳስበው ጥቂት ነገር ነው። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ሄደን ስለ ባሕል ዕቃ ስናጠና፣ ከዕቃው ስም በፊት የሠሪውን ስም እንጠይቅ፤ ሸክላ ሠሪዋንም «አንቺ» ብለን ሳይሆን «እርስዎ» ብለን እናነጋግር። የዕቃውን ስፋትና ቁመት ከመለካታችን በፊት በበርጩማው እንቀመጥ፤ ከገንቦው እንጠጣ፤ ኩራዙንም አብርተን እንይ። ለመምህራንም አንድ ልመና አለኝ፤ በጥናት ወረቀታችን ላይ የሠሪው ስም ካልተጻፈ ጥናቱ እንዳልተሟላ አድርገው ይቁጠሩብን።

የአያቴን በርጩማ ዛሬ ከጓዳ አውጥቻት በማነብበት ክፍል ውስጥ አለች። በመደብ ላይ አላቆምኋትም፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት በሷ ላይ ተቀምጬ ነው። በሐሳቤ ስሕተት የሚያገኝብኝ አንባቢ በሚቀጥለው እትም መልስ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።